ሁለት ልጆቼን አንድ ላደረገልኝ ፈጣን ሶፍትዌር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተርና የሶፍትዌር መረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በያላችሁበት ደህና እንድትሆኑ፣ በተለይም በመዝገብ ላይ ስንት ከሆናችሁ በቤታችሁም ያንኑ ያህል ሆናችሁ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እንዲህ ያለ ምኞት ከዚህ በፊት ለማንም ተመኝቼ አላውቅም፤ ያስተማረኝ የእርስዎ ሆስፒታል ነው።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። የስብሰባ አዳራሹ በር አልዘጋ ብሎ ሲያስቸግራችሁ ተጠርቼ የመጣሁት አናጢ ነኝ። የመረጣው ዕለት እናንተ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ስትመክሩ፣ እኔ በሩን አውልቄ ኮሪደሩ ላይ ጠርዙን በመላጊያ እየላግኩ፣ በር በሌለው በር በኩል ሁሉንም አየሁ፤ ሁሉንም ሰማሁ። በዚያን ጊዜ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። መንታ ሴቶች፣ ሁለቱም የልብ ሕመምተኞች፣ ሁለቱም የእናንተው ታካሚዎች። ቀድማ የተወለደችውን ታላቋ፣ ተከትላት የመጣችውን ታናሿ እላታለሁ፤ ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው፣ ስም ለእናንተ ሥርዓት እንደማይጠቅም በኋላ ስለተረዳሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መረጣው ምስጋናዬን ላቅርብ። የታካሚዎችን መዝገብ የሚይዝ ዳታቤዝ በምን መሣሪያ ይሠራ ስትሉ ሦስት ሰዎች ጠርታችሁ ነበር። መጀመሪያ የገባችው ባለሙያ፣ ኮዱን እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው እንደሚጽፉትና ጊዜ እንደሚፈጅ ተናግራ፣ ገና ምንም ሳታሳይ ጥያቄ ትጠይቅ ጀመር፤ ሰው ስሙን ቢቀይርስ፣ ካርድ ክፍል ሲሳሳት ማን ያርማል፣ የጠፋ ነገር እንዴት ይመለሳል። እርስዎም ሰዓትዎን አየት አድርገው፣ እኛ የጠራንሽ መልስ ፈልገን ነው እንጂ ጥያቄማ ሞልቶናል ብለው በጨዋ ደንብ ሸኟት። ላፕቶፗን አቅፋ በእኔ በኩል ስትወጣ፣ የላግኩትን ብናኝ እንዳትረግጥብኝ ተጠንቅቃ ይቅርታ ብላኝ አለፈች። ሁለተኛው ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሎት ሲያልበው ቆይቶ እንደመጣ ተመለሰ።

ሦስተኛው ያ ቀልጣፋ ነው። የእኔ መሣሪያ ኮድ መጻፍ የሚባል ጣጣ የለበትም አለና፣ በማውሱ እየጎተተ አንዱን ሳጥን እዚህ፣ አንዱን ቁልፍ እዚያ እየጣለ፣ የቀረበላችሁ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የታካሚ መመዝገቢያ ገጽ ሠርቶ ግድግዳው ላይ አበራላችሁ። ወይ ጉድ! እኔ ራሴ መላጊያዬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ። ቀጥሎም፣ መሣሪያው ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣ ስጦታ አለ ብሎ የእርስዎን ስም አንዴ ከነማዕረጉ፣ አንዴ ያለማዕረግ መዘገበና አንዲት ቁልፍ ሲነካ ሁለቱ እርስዎ አንድ እርስዎ ሆኑ። የፋይናንስ ኃላፊው፣ ሁለት ዳይሬክተርማ ማን ይችላል ብለው ሲቀልዱ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እርስዎም ሳቁ፤ መረጣውም በሳቁ መሐል አለቀ። አንድ የተደረገውን መልሶ ሁለት ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ፍጥነትን የምጠላ እንዳይመስልዎት። በእጄ የሚገፋውን መጋዝ ትቼ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ከያዝኩ ቆይቻለሁ፤ እግዜር ይስጠው፣ ወገቤን አሳርፎኛል። ነገር ግን እኔ የምቆርጠው እንጨት ነው፤ ከተበላሸም ሌላ እንጨት አለ።

ሁለተኛ፣ ስለ ውህደቱ አመሰግናለሁ። ሥርዓቱ ሥራ በጀመረ ሰሞን ታናሿ ሕመሙ ጠንቶባት እናንተ ዘንድ ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹን አልከስም። ነርሷንም አልከስም፤ ተረኛነቷ አብቅቶ ልብሷን ከቀየረች በኋላ እንኳ ተመልሳ መጥታ የልጄን እግር ስታሽላት አይቻለሁ። ልጄ የሞተችው ልቧ ስለደከመ ነው። ይህን አስረግጬ የምጽፈው፣ መሣሪያችሁ ያልሠራውን ጥፋት እንዳልጭንበት ብዬ ነው፤ የሠራው ይበቃዋል።

በኋላ እንደተነገረኝ፣ ሥርዓቱ የልደት ቀን፣ አባት፣ እናት፣ መኖሪያና ስልክ አንድ ሆኖ ሲያገኝ ሁለቱ መዝገብ የአንድ ሰው ነው ብሎ ያዋህዳል። የታካሚውን የራሱን ስም ግን ጸሐፊው እንደ ሰማው ስለሚጽፈው አይቆጥረውም። መንታ የሚባል ፍጥረት በዓለም ላይ መኖሩን የነገረው የለም። እናም ልጆቼ እኔ ሳላውቅ፣ እነሱም ሳያውቁ፣ በእናንተ ኮምፒውተር አንድ ልጅ ሆነው ሰንብተው ኖሯል። ነርሷ እያለቀሰች የታናሿን መዝገብ አርፋለች ብላ ስትዘጋ የሁለቱንም ዘጋችው። እኔ አንዷን ቀብሬ ስመለስ፣ በእናንተ ዘንድ ልጅ የሌለው ሰው ሆኜ ነበር።

ሦስተኛ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት ስለተደረገልኝ መስተንግዶ። የታላቋ መድኃኒት ተራ ደርሶ እጇን ይዤ መጣሁ። ሠራተኛዋ ስሟን ጽፋ፣ ስክሪኑን አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያጽናዎት አባቴ፣ ልጅዎ አርፋለች ይላል አለችኝ። ልጄ አገጯን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፋ ትሰማለች። ኧረ ይህችው ቆማልሽ የለም ወይ ብላት ልጅቷን አየቻት፤ ደነገጠች፤ ከዚያ ስክሪኑን ደግማ አየችው። ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ልጅቷንም አየች፣ ስክሪኑንም አየች፣ ያመነችው ግን ስክሪኑን ነው። ለሞተ ሰው ካርድ ማውጣት አይፈቀድልኝም፣ ከሥራ ያባርሩኛል ስትል እንባ አቅርራ ነበርና እሷንም ተቆጥቼ መሄድ አልሆነልኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ታላቋ እጄን ይዛ ሄደች። ኋላ፣ አባዬ፣ የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ አለችኝ። አይደለሽም የኔ እናት፣ እህትሽ ናት፤ ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ቀላቅሏችሁ ነው አልኳት። ቆም አለች። ታዲያ አንድ ላይ ካደረጉን እሷም እኔ ጋ አለች ማለት ነው አለችኝና ፊቷ በራ። እህቷ ከሞተች ወዲህ ያ ፊት ሲበራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎት ክቡር ሆይ፤ ለዚያ ፊት ምን ተብሎ ይመለሳል? እኔ ጫማዬ የተፈታ አስመስዬ ጎንበስ አልኩ።

አራተኛ፣ ስለ ኮምፒውተር ክፍሉ። ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ እውነቱንም ሳይደብቁ ነገሩኝ። መሣሪያው ማዋሃጃ ቁልፍ አለው፣ መለያያ ቁልፍ ግን የለውም። ኮዱን እዚህ የጻፈ ሰው ስለሌለ ከፍቶ የሚያርመውም ሰው የለም። ቀልጣፋው ዘንድ ሲደወል፣ መሣሪያው ሲመጣ እንዲሁ ነው የሚመጣው ብሎ በትሕትና መለሰ። እስቲ ታላቋን እንደ አዲስ እንመዝግባት ብለው ኃላፊው ራሳቸው ተቀመጡ፤ የልደት ቀኗን፣ የእኔንና የእናቷን ስም አስገብተው ሳይጨርሱ ሥርዓቱ አውቃታለሁ ብሎ መልሶ ከሞተችው ጋር ቀላቀላት። እሳቸው እየለዩ፣ እሱ እየቀላቀለ፣ ዓይኔ እያየ ልጄን ደጋግሞ ገደለብኝ። የልደት ቀኗን ብናዛባውስ ብሎ አንዱ ሐሳብ ቢሰጥ፣ ያን ጊዜ የሕክምና ታሪኳ አብሮ ስለሚጠፋ ሐኪሟ መድኃኒት አያዝላትም ተባለ። የወረቀት ካርዳቸውስ ብል፣ ሁሉም ወደ ኮምፒውተር ስለገባ ወረቀቱ ለወረቀት ፋብሪካ ተሰጥቷል አሉኝ። በእውነቱ ንጽሕናችሁን አደንቃለሁ።

አምስተኛ ብዬ የምጽፈው ቅሬታ አይደለም። ስሟን የማልናገርላት አንዲት መድኃኒት ቀማሚ፣ ጉዳዩን ሰምታ፣ በጓሮ በር ጠርታኝ አንድ ብልቃጥ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ካሁን በኋላ ግን አይምጡ ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ አለች። በዚያ ብልቃጥ ነው ታላቋ እስካሁን የቆየችው። አሁን ወደ ብርሃን ሳነሣው ታቹ ይታያል፤ ስነቀንቀውም ድምፁ ቀጥኗል። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ምን እንደሚሆን ሐኪሟ ነግሮኛል፤ ባይነግረኝም ታናሿ ላይ አይቼዋለሁ።

ስድስተኛ፣ ይህን ሁሉ ያየው የሕግ ክፍላችሁ ስለሰጠኝ መፍትሔ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ፈጣን ነው፣ ከመሣሪያው ጋርም ይመሳሰላል። በመዝገቡ ያለችው አንዲት ልጅ ስለሆነች፣ ወላጆቿ ሞቱ በስህተት እንደተመዘገበ አምነው ከፈረሙ መዝገቡ ወደ ሕይወት ይመለሳል፤ መድኃኒቱም በዚያው ቀን ይሰጣል ተብሏል። የምንፈርምበት ቃልም ተዘጋጅቶ ተሰጥቶኛል፤ ያለችን አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ከእሷ በቀር በተወለደችበት ዕለት የተወለደ ልጅ ኖሮን አያውቅም ይላል። ከታች ለአባት አንድ መስመር፣ ለእናት አንድ መስመር ተሠምሯል።

ሥርዓቱ ሁለት ልጅ ስለማይችል ልጆቼን እኔ እንድመርጥለት ነው የተጠየቅሁት። አንዷ ትኑር ካልኩ ሌላዋ አልነበረችም ማለት አለብኝ። ነበረች ካልኩ ደግሞ ያለችኝም ትሄዳለች። ይህን ያህል የሚከብድ መረጣ በሻይ ሰዓት ጨርሳችሁ መነሣታችሁ ዛሬም ይገርመኛል።

ስለ እናታቸው ጥቂት ልጻፍ፤ አያውቋትምና። ሁለቱን ስትጠራ ሁለቱን ስም አያይዛ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ አንድ ስም አድርጋ ነበር። አሁንም ሳታስበው ትጀምረውና የመጀመሪያውን ስም ጨርሳ ሁለተኛው አፏ ላይ ሲደርስ ትውጠዋለች። ስትውጠው ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ታላቋም ታያለች፤ አይታም ቶሎ አቤት ትላለች፣ እናቷ የተረፈውን እንዳትፈልገው። ለዚህች ሴት ነው ያን ወረቀት ወስደህ አስፈርማት ያላችሁኝ። ኪሴ ውስጥ አድርጌው ስንት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ፣ ምሳ ቀርቧል ወይ ብዬ ጠይቄ ተመልሻለሁ።

ይቆጣል ብለው ጠብቀው ከሆነ፣ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት የለኝም፤ ልቤ ተሰብሯል። እንፈርማለን ክቡር ሆይ። ነገ ጠዋት ሁለታችንም መጥተን እንፈርማለን፤ ታላቋ መኖር አለባትና ሌላ ምንም አማራጭ አላስቀራችሁልንም። ታናሿም ብትሆን እህቷን ስለምትወድ አትቀየመንም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ መጽናናቱ ግን እስካሁን አልያዘልኝም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ያን ቃል ለእናቷ እኔ አላነብላትም፤ ሞክሬ አቅቶኛል። ለሕግ ክፍሉም፣ ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛም ንባቡን አይስጡብን። መሣሪያውን የመረጡት እርስዎ ነዎትና፣ እርስዎ ራስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ፊት ለፊቷ ቆመው፣ ዓይኗን እያዩ፣ ታናሽ ልጅ ኖራሽ አታውቅም ብለው ያንብቡላት። ዘጠኝ ወር ሁለቱን የተሸከመቻቸው እሷ ናትና ለመስማት ጥቂት ብትዘገይ ይታገሷት። ብዕሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

የተቋምዎን ፈጣን ዕድገት እየተመኘሁ፣ ለተደረገልኝ ሁሉ ወደር የሌለው ምስጋናዬን ደግሜ ደጋግሜ እያቀረብኩ፣ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ የሁለት ልጆች አባት፣ ከዚያ በኋላ ግን ሥርዓትዎ እንደፈቀደልኝ የምሆን፣

አክባሪዎ፣
በርዎን የሠራው አናጢ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከሆስፒታልዎ በስልኬ አጭር መልእክት ደረሰኝ። መልእክት የሚልከው ክፍል በሌላ መሣሪያ የተሠራ ስለሆነና ሁለቱ ስለማይነጋገሩ ስለ ሞቱም ስለ ውህደቱም አልሰማም አሉ። ታናሿን በስሟ ጠርቶ፣ በቀጠሮዋ ቀን ስለቀረች ያልመጣችበትን ምክንያት በአካል ቀርባ እንድታስረዳ ያሳስባል። ክቡር ሆይ፣ በአካል መቅረብ የምትችልበት መንገድ በእናንተ ዘንድ ካለ ሰዓቱን ብቻ ይንገሩኝ፤ እናቷን ይዤ በሩ ሳይከፈት እደርሳለሁ።