ያለ ለቅሶ የተሻገርነው ጭቃ

ለወንድምዓለም ለበላይነህ። የበረሃው ንዳድና የሰው አገር ኑሮ እንዴት አድርጎ ይዞዎታል? ገላዎ ደኅና ነው? የዚያ አገር እህልስ ተስማማዎት? እኔም እኅታችን ብዙነሽም በሕይወት አለን፤ መድኃኔዓለም የተመሰገነ ይሁን።

ወንድምዓለም፣ ከዚህ በታች ያለውን ብቻዎን ሆነው አያንብቡት። ባለቤትዎን ትርንጎን ጠርተው አጠገብዎ ያስቀምጡ። መርዶ በማለዳ በዘመድ አፍ ይነገራል እንጂ በወረቀት እንደማይላክ አላጣሁትም። ነገር ግን ከነጋዴው ከወርቁ በቀር እርስዎ ወዳሉበት ወደ ገዳሬፍ የሚወርድ ሰው አላገኘሁም፤ እሱም ‘አፌ እሺ አይለኝም፣ ጻፈውና ላድርስልህ’ አለኝ። እናታችን አርፋለች።

ጋፋት ያለው ቤታችን በነሐሴ መቃጠሉን ሰምተው ይሆናል። ከደብረ ታቦር የወጣው የጣሊያን ጦር አርበኛ አብልታችኋል ብሎ መንደሩን ሲያነድ፣ እናታችንን በበቅሎ ይዘን ወደ ፎገራ ሸሸን። የአባታችን የክርስትና ልጅ ፈንታሁን ጣና ዳር ካለች ጉብታ ላይ ጎጆ ሰጠን። ደጋ ለምዳ የኖረች ሴት ናትና ብዙም ሳትቆይ ንዳድ ጣላት።

ፈንታሁን ‘ከማዶው ሚካኤል ጠበል ብትደርስ ይሻላት ነበር’ አለን። ቤተ ክርስቲያኑ ከጉብታው ሆነው ሲያዩት ቅርብ ነው። ነገር ግን ጣና በክረምት ሞልቶ በመስከረም ሲሸሽ መካከሉን ልል ጭቃ አድርጎት ሄዷል፤ ለታንኳ ውሃው አይበቃ፣ ለእግር መሬቱ አይጸና። ደረቁን መንገድ ደግሞ የጣሊያን ዘብ ይዞታል፤ የሸሸ ሰው ያገኘ እንደሆነ አይምርም።

ስለዚህ በጭቃ ላይ የሚያስኬድ ጫማ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ ከእግሬ ሥር ሳንቃ አሰርሁ፤ ጭቃው መጥምጦ ያዘውና አልለቅ አለኝ። ቀጥዬ ሐረግ እንደ ሰፌድ አክብቤ መካከሉን በደንገል ሳሳ አድርጌ ጠለፍሁት፤ ጭቃው በቀዳዳው እየሾለከ ሲወጣ እግሬ ተነሣልኝ። ማሰሪያውን በጠፍር ባደርገው ውሃ ሲነካው እየላላ አስቸገረኝ፤ አርበኞች ከገለበጡት መኪና ጎማ ቆርጬ ቀየርሁት። እናታችን ከመደብ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ‘ሰፌድ የሚጫማ ልጅ ወለድሁ’ ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

እሷን በቃሬዛ ለሚሸከሙት ሰዎች ሁሉ ሠርቼ ሳልጨርስ ባሰባት። ‘በላይነህ መጣ?’ ብላ ጠየቀችኝ። ‘መንገድ ላይ ነው’ አልኋት። ‘እንግዲያ ሜዳ ላይ እንዳትጥሉኝ፤ ቅዳሴ ከሚሰማበት አኑሩኝ’ አለች፤ በማግሥቱ አረፈች።

የቀረውን ጨርሼ፣ ለጠበል የሠራሁትን ጫማ ለቀብሯ ተጫማነው። ጉሙ ጭቃውን ሸፍኖት ሳለ ቃሬዛውን አንሥተን ገባን፤ እኔና ፈንታሁን ከፊት፣ ሁለት ጎረቤቶቹ ከኋላ፣ ብዙነሽ ከጎን። ዘቡ እንዳይሰማን ማልቀስ አይቻልም ነበር። መካከል ላይ ስንደርስ ከኋላ ካሉት የአንዱ ጫማ ተበጠሰና እስከ ጭኑ ሰጠመ፤ ቃሬዛው አዘመመ። ብዙነሽ በቦታው ገብታ ለቃሬዛው ትከሻዋን ሰጠች። ፈንታሁን የፊቱን ለእኔ ትቶ ሰውየውን ጎትቶ እስኪያወጣ ድረስ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ፣ የእናቷን እግር ተሸክማ ቆመች።

ከማዶ ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ፍትሐቱን በሹክሹክታ አደረሱላት። ‘ወለተማርያም’ ብለው የክርስትና ስሟን ሲጠሩ እንኳ ቀስ ብለው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ አፈር አለበስናትና በመጣንበት ተመለስን።

ወንድምዓለም፣ የሰው ለቅሶ ስትደርስ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። እኛ ግን ሙሾ አላወረድንላትም፣ ደረት አልመታንላትም። እርስዎ ካሉበት አገር የሚከለክል ዘብ የለምና፣ እባክዎ ስሟን እየጠሩ ጮኸው ያልቅሱላት፤ ለእኔና ለብዙነሽም ጨምረው ያልቅሱልን።

ትርንጎን ‘እግዜር ያጽናሽ’ ይበሉልኝ። ብዙነሽ እጅ ትነሣለች፤ ፈንታሁንም እንዲሁ። ልጅዎን ታደሰን ሁለቱን ዓይኖቹን ይሳሙልኝ። አያቱ ‘ቁመቱ ከምን ደርሶ ይሆን?’ ትል ነበርና፣ ቢጽፉልኝ ሄጄ ከመቃብሯ ላይ እነግራታለሁ።

ወንድምዎ ሙላቴ
ፎገራ፣ ጣና ዳር
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.