ከድንኳኑ ማዶ የቆመችው ሐሊሞ

ታደሴ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሞላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ናፍቆቴ እጽፍልህ ነበር፤ ዛሬ ግን አንጀቴ ስላረረ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ጅግጅጋ ዙሪያዋን ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ የእኛ ሰፈር ግን ያው ነው። ሱቅህን ተከራይ ይዞታል። ከሐሊሞ ግቢ ጋር የሚያገናኘንን የአጥር በር በቆርቆሮ አስመትቼው ነበር። በዚያ በር ስንቱ ነገር ተመላልሷል! ለፋሲካ ሁለት በግ ስንገዛ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከማዕዳችን እንዳይቀሩ አንዱን የሐሊሞ ባል ቢስሚላ ብሎ ያርድልን ነበር። ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። እናቷ ሲሞቱም የእድራችንን ድንኳን ያስተከልክላት አንተው ነህ፣ የእድሩ ጸሐፊ።

በኋላ ሙስሊሞቹ ከእድሩ ወጡ። አኩርፈው፣ በገዛ ፈቃዳቸው እንደተለዩ የነገርከኝ አንተ ነህ። አመንኩህ። ስትሞት ሐሊሞ ሦስቱንም ቀን የተሸፈነ ትሪ ይዛ ከመንገዱ ማዶ ቆመች እንጂ ድንኳኑ ውስጥ አልገባችም። መከራዬን ልታይ የመጣች መሰለኝና ቂም ያዝኩባት። ሰባት ቀን ሳይሞላህ በሩን አስመታሁት።

ባለፈው ሳምንት የእድሩ ሰዎች የቀድሞውን መዝገብ ቢጠይቁኝ ሳጥንህን ከፈትኩ። ሙስሊሞቹ የራሳቸውን እድር ያቁሙ፣ ከእንግዲህ በእኛ ድንኳን አይቀመጡ የሚለውን ሐሳብ ያቀረብከው አንተ! ለሐሊሞ የተላከው ደብዳቤ ግልባጭም በእጅህ ጽሑፍ ነው። ወይ ጉድ! ጊዜው ከፍቶ ፈርተህ ይሆናል። ታዲያ ፈራሁ ማለት አቃተህ? አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ስንት ዓመት ዋሸኸኝ!

ቆርቆሮውን በገዛ እጄ ነቅዬ፣ ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ሐሊሞ ገና ሳልዘረጋው አወቀችው፤ የደረሳትን እስካሁን አስቀምጣዋለች። እስከ ዛሬ እኔም የማውቅ፣ የተስማማሁም መስሏት ኖሯል። እንደማላውቅ ስምልላት እንደ ዱሮው አባዮ፣ እህቴ፣ ብላ አቀፈችኝና ስምህን እየጠራች አለቀሰች። ከሦስት ዓመት በኋላ ለቅሶ ደረሰችኝ፣ ደጅ ላስቀራት ሰው ብላ።

ነፍስህን ይማር። በሩ ከእንግዲህ አይዘጋም። እኔም በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፤ ይሄንንም አልረሳልህም።

ባለቤትህ