ላንተ የተቀመጠው ወንበር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብ ሕመምህስ ለቀቀህ? እኛ ሁላችንም አለን፤ ደህና ነን ልልህ ግን አፌ እምቢ አለኝ፣ አንብበህ አንተው ፍረድ።

ታናሻችን ማሙሽ ተመስገን ነው። መድኃኒቱን ያለ ጭቅጭቅ ይውጣል፣ የሚሰማው ድምፅም ራቅ ብሎለታል፤ አባዬ ስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክላል። ሕመሙ አብሮት የሚኖር ስለሆነ አብሮ መኖሩን ሁላችሁም ተማሩ ብላ፣ የሚታከምበት ሆስፒታል አማካሪ በየሳምንቱ ቤት ድረስ እየመጣች አንድ ላይ ታነጋግረናለች።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። የራቀም ቤተሰብ ነው ብላ ላንተ ባዶ ወንበር አስቀመጠች፤ የሆዳችንንም ለወንበሩ ነገርነው። ምላሴን ታውቀው የለ፣ እኔ እንኳ አልቀለድኩም። እሷ ስትሄድ ወንበሩ መነሳት ነበረበት። ግን አንተን ከቤት ማስወጣት መስሎን፣ ይሉኝታ ይዞን ማንም አላነሳውም።

አሁን አባዬ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ወደ ወንበሩ ዞሮ ያማክርሃል፤ ጥቂት ያዳምጥና እሺ ይላል። እማዬ መብራት ስታጠፋ ደህና እደር ትልሃለች። እኔም በቀደም ቦርሳዬን ልጥልበት ስል ይቅርታ ብዬ መለስኩት።

ማንም የለም የሚለን ማሙሽ ብቻ ነው። እኛ ስንት ዘመን እንዳባበልነው፣ እሱም ትከሻችንን ይዞ በቀስታ ይነግረናል። እማዬ ግን ሕመሙ ተነሳበት ብላ መድኃኒት ጨምሪለት አለችኝ። አልጨመርኩም። ትናንት ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ ምናልባት የማላየው እኔ ብቻ እሆን እንዴ አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ስንት ለፍቶ ያገኘውን ልቡን እኛው ልናሳጣው ነው፤ ፈርቻለሁ።

አማካሪዋ ስነግራት ደነገጠች። ወንበሩን ከመንጠቅ፣ ሁላችን በተሰበሰብንበት በስልክ ገብተህ ብታናግረን ይሻላል አለች። እባክህ ደውል። ሥራ በዛብኝ አትበለኝ። ወንበሩ ሥራ አይበዛበትም፣ እንዳንተም ቱግ አይልም፣ ያሉትን ሁሉ እሺ ይላል፤ ለዚህ ነው እየተወደደ የመጣው።

አባዬ ሰላም ብሎሃል። ማሙሽ ናፍቀኸዋል፣ ድምፅህን አሰማን ይልሃል። እማዬን ምን ልበልልሽ ብላት ወደ ወንበሩ አይታ ፈገግ አለችና፣ እዚህ ለተቀመጠ ሰው ደብዳቤ ምን ያደርግለታል አለችኝ።

እህትህ
ከቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ