ስድብ የጎደለው ሸክላ

ዉሳኪሌ፣ ኪትዌ
ቅዳሜ

ለአይጥ በላው የቀልድ ዘመዴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? አይጦቹስ ደህና ናቸው ወይስ የንዶላን አይጥ ዘር ማንዘሩን ጨረስከው? እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትህ በቀር» ብዬ ልጨምርበት ነበር፤ ግን በእኔና በአንተ መካከል እንዲህ ያለ ወግ ስላልነበረ ዝም ብለህ ደህና ነው ብለህ ያዝልኝ። እህቴ ንካንዱም ደህና ናት። ልጆቿን ጉንፋን ይዟቸው ከርሞ አሁን ድነው ግቢውን እያተራመሱት ነው። መብራት እንደ ልማዱ ይመጣል፣ ይሄዳል። የማዕድኑ ጭስ ዛሬ ወደ እኛ ሰፈር ዞሮ የታጠበውን ልብስ ሁሉ አበላሽቶባት ከጠዋት ጀምሮ ነፋሱን ስትራገም ውላለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሸክላ ይደርስሃል። ሽፋኑ ላይ ቦላሌ ሱሪ ለብሶ፣ ጊታር ታቅፎ የቆመው እኔ ነኝ፤ ጦጣ መስሎህ እንዳትደነግጥ። ይህን እንኳ መናገር የነበረብህ አንተ ነህ። አየህ የደረስኩበትን? የሚሰድበኝ ሳጣ ራሴን በራሴ መስደብ ጀመርኩ።

ባንዳችንን፣ «የጉድጓድ ልጆችን»፣ ትቼ ከወጣሁ ወዲህ የሠራሁት የመጀመሪያ ሸክላዬ ነው። የሚያውቁኝ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይሉኛል፣ ትከሻዬን ይመቱኛል፣ ያልፋሉ። ናይሮቢ ድረስ ሄጄ ነው የቀዳሁት። ጊታሩን የተጫወትኩት እኔ፣ ቤዙንም እኔ፣ አጃቢ ድምፁንም እኔ ነኝ። መጀመሪያ ዘፍኜ እቀዳለሁ፤ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ የራሴን ድምፅ ራሴ እቀበለዋለሁ። በሸክላው ላይ ብዙ ሆነን የምንዘፍን ይመስላል። ያን ስቀዳ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ማታ ማታ ከስቱዲዮው ጎን ካለች ምግብ ቤት ገብቼ ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ አዛለሁ። መልኩ የእኛኑ ንሺማ ይመስላል፤ ስትቀምሰው ግን አገርህ እንዳልሆንክ ይነግርሃል።

ከበሮውን የመታልኝ ሊስዋኒሶ የሚባል የሎዚ ልጅ ነው። የዚህን ልጅ ጨዋነት ምን ብዬ ልንገርህ! ሊሰናበተኝ ሲል በወገኖቹ ወግ በርከክ ብሎ እጁን ያጨበጭባል። አንድም ምት አይስትም። ጎበዝ ነው፣ ካንተ ከግራኙ ይሻላል። (ይህችን ጮክ ብለህ አንብባት።) አንድ ቀን ብሶብኝ፣ «አንተ ሰነፍ፣ ከበሮ ነው የምትመታው ወይስ ንሺማ ነው የምታማስለው?» አልኩት። ደንግጦ ተነሣና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እንደገና ልሞክረው» አለኝ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ይቅርታ ጠይቀኝ ያለው ማን ነው? እኔ መልስ ነበር የፈለግኩት።

የመጨረሻውን ዘፈን ስትሰማ መሀሉ ላይ ድንገት ሁሉም ነገር ዝም የሚልበት ቦታ አለ። ሸክላው የተበላሸ እንዳይመስልህ። ድሮ መድረክ ላይ ጊታሬን አቁሜ፣ «ማን አለ እንደኔ!» ስል፣ አንተ ከከበሮው ጀርባ ሆነህ፣ «ጅራትህን ሰብስብ፣ ሰው ይረግጥሃል!» የምትለኝ ቦታ ነው። ያኔ ሕዝቡ ወንበር ይሰብር ነበር። እውነቱን እንነጋገር ካልን ለእኔ ጊታር አልነበረም የሚመጡት፤ ዛሬ ደግሞ ያ አይጥ በላ ምን ብሎ ያዋርደው ይሆን ብለው ነው። ልማድ ሆኖብኝ ለዚያች ስድብ የሚበቃ ቦታ ትቼ ቀዳሁት።

ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ዌኬሳ ይባላል። ቴፑን አቁሞ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው፤ የረሳኸው ነገር አለ?» አለኝ። አልረሳሁም፣ እዚህ ጋ የሚሰድበኝ ሰው ነበር አልኩት። ግራ ተጋባ። ቁጭ አልኩና አስረዳሁት፦ አያቶቻችን በጦር ሲዋጉ ኖረው፣ ሲሰለቻቸው፣ ከእንግዲህ ልጆቻችን በአፍ ይዋጉ ተባባሉ፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤምባዎችና እነሱ ንጎኒዎች የቀልድ ዘመድ ነን፣ እኛ አይጥ በላ፣ እነሱ ጦጣ በላ እያልን ብንሰዳደብ ቅያሜ የለም፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ሌላው ሲያለቅስ የቀልድ ዘመድ ሥራው ማላገጥ ነው፤ ሟቹን ይሰድባል፣ አረማመዱን እያስመሰለ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይተኛና ዶሮ ካልታረደልኝ አልወጣም ይላል፤ ኀዘንተኛው ሳይወድ በግዱ ይስቃል፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ሰውዬው በጣም ወደደው። «ታዲያ ምን ቸገረህ? ሌላ ሰው ቅጠርና ይስደብህ» አለኝ። «ሌላ ሰው ከሰደበኝማ እደባደባለሁ» አልኩት።

ከሳቀ በኋላ፣ «ይሄ ልማድ ጥሩ ነው» አለኝ። ጥሩ ነበር አልኩት።

እንግዲህ እዚህ ከደረስኩ የሆዴን ልናገር። አንጀቴ ውስጥ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው፤ ካልወጣልኝ ሌላ ሸክላም የምሠራ አይመስለኝም።

እናቴ ስትሞት እኔ አላለቀስኩም። አንተን እየጠበቅኩ ነበር። ይመጣል፣ ያላግጣል፣ እስቃለሁ፣ ከሳቅኩ በኋላ ማልቀስ አያቅተኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሴቶቹ እየጮሁ መሬት ላይ ሲንከባለሉ እኔ ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም። መጣህ። ጥቁር ከረቫት አስረህ መጣህ! ጎንበስ ብለህ በሁለት እጅህ ጨበጥከኝና፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልከኝ። ያጽናዎት! እኔን! ከኋላዬ ቄስ የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ከዚያ ሄደህ ከወንዶቹ መሀል ዝም ብለህ ተቀመጥክ። ሳጥኑ ሲወርድ የከለከለ የለም። ጉድጓዱ ውስጥ የተኛ የለም። ዶሮ የጠየቀ የለም። አፈሩ ዝም ብሎ ተመለሰባት።

ምን አድርጋህ ነው? አባትህ ከማዕድኑ ተቀንሶ ወደ አገሩ ወደ ቺፓታ ሲመለስ፣ ልጁ ትምህርቱን ይጨርስ ብላ ያስቀረችህ እሷ አይደለችም? በር ላይ ብቅ ስትል፣ «መጣ አይጥ በላው፤ ድመቷ ሥራ ልትፈታ ነው!» ትልህ ነበር። አንተም እጅህን እየታጠብክ፣ እንደ ልጆቿ እናቴ እያልክ፣ «ባ ማዮ፣ ዛሬ የተሠራው ጦጣ የማን ዘመድ ነው?» ትላት ነበር። በማማሰያ እየመታችህ ከድስቱ ትልቁን ዓሣ ላንተ ታወጣልሃለች። ለእኔ ጭራው ነበር የሚደርሰኝ። ለዚህች ሴት አንዲት ስድብ ነፈግካት።

ከቀብሩ በኋላም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ይበርድለታል ብዬ ነበር። ልምምድ ላይ ስንገናኝ፣ «ጊታርዎን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልን» አልከኝ። ልጆቹ የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን ፊትህን አይቻለሁ። ንካንዱ አንቱ ስትለኝ ምንም አይመስለኝም፤ ታናሽ ናት፣ በእኛ ቤት ታላቁን አንቱ ያላለ ታናሽ ከእናቴ ጥፊ አያመልጥም ነበር። አንተ ግን ምኔ ነህ? በአንድ ዝናብ እበልጥሃለሁ ባልኩህ ቁጥር፣ «ጦጣ ዕድሜ መቁጠር ከመቼ ወዲህ ተማረ?» ስትለኝ የኖርክ ሰው ነህ። የቀልድ ዘመድ አንቱ ካለ በቃኸኝ ማለቱ ነው። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው።

ከዚያ ያ የኪትዌው ትርኢት መጣ። ጊታሬን አቁሜ፣ «ማን አለ እንደኔ!» አልኩ። ሕዝቡ ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። አንገትህን ደፍተህ ከበሮህን ቀጠልክ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ምነው ሞተ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። በማግስቱ ከባንዱ ለቀቅኩ። ጋዜጣው ትዕቢት ነው አለ። ልጆቹ በሴት ተጣልተው ነው አሉ። ስላልሰደበኝ ነው የለቀቅኩት ብዬ ለማን ልናገር? ተሰደብኩ ብሎ የሚቀየም ሰው አገሩን ሞልቶታል። አልተሰደብኩም ብሎ የተቀየመ እኔን ብቻ ታያለህ።

ደግሞ ይኸው ከቀብሯ ወዲህ ዉሳኪሌን አልረገጥክም አሉ። ነገ ሸክላውን ይዤ መቃብሯ ድረስ ልሄድ ነው። ሌላ የማሳየው ሰው የለኝም። ከዚያ ተመልሼ ይህን ደብዳቤ

ሰኞ

ቅዳሜ እዚህ ላይ አቁሜው ነበር፤ መብራት ጠፋብኝ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሸክላውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ጠባቂውን ሽማግሌ፣ ባ ካፑታን፣ ታውቀው እንደሆነ አላውቅም። ታውቀዋለህ። በሩ ላይ ያዘኝና ክሱን ጀመረ። «ልጄ፣ አንተን ነበር የምፈልገው። እናትህ መቃብር ላይ አንድ እብድ እየመጣ አስቸግሮኛል» አለኝ። ምን ዓይነት እብድ አልኩት። «ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከንዶላ በሚመጣው አውቶቡስ ነው የሚወርደው። ዛሬም ጠዋት እዚህ ነበር። ከረቫት ያስራል። እዚህ በሩ ላይ ሲደርስ ሰላም ይለኛል፣ የልጆቼን ጤና ይጠይቀኛል፣ ጨዋ ሰው ነው። እዚያ ሲደርስ ግን ይለይለታል» አለ።

ሽማግሌው እያፈረ ነበር የሚነግረኝ። ሰውዬው፣ «አንቺ ጦጣ በሊታ! እስካሁን ተኝተሻል? ድመትሽ ከሳች እኮ!» እያለ ይጮኽባታል አሉ። በአንድ ጎኑ ዘንበል እያለ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ እያቃሰተ በመቃብሮቹ መሀል ይመላለሳል። የእናቴ አረማመድ ነው። ከዚያ ሣሩ ላይ በጀርባው ይዘረርና፣ «ዶሮ ካልታረደልኝ አልነሣም!» ይላል። ማን ይረድለታል? ብቻውን ነው። ተኝቶ ተኝቶ ሲሰለቸው ቁጭ ይልና ሣሩን እንደ ከበሮ በእጁ እየመታ ያለቅሳል። አንድ ቀን ባ ካፑታ ሊያስወጣው ጠጋ ሲል፣ «ባ ማዮ፣ ያን ቀን ልጅሽ ሆኜ ነው የቆምኩት። ልጅ እናቱ ቀብር ላይ ያላግጣል እንዴ? ያጎደልኩብሽን ይኸው እየመጣሁ እሞላለሁ» ሲላት ሰምቶ ተመለሰ።

«ላባርረው ወይስ ለፖሊስ ልንገር?» አለኝ። በየትኛው እጁ ነው ሣሩን የሚመታው ብዬ ጠየቅኩት። ሽማግሌው ትንሽ አሰበና፣ «በግራው» አለኝ። ተወው አልኩት፤ ሥራ ላይ ነው። «ታውቀዋለህ ማለት ነው? ምንህ ነው?» አለኝ። የቀልድ ዘመዴ ነው አልኩት። «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም ነበር!» ብሎ ተቆጥቶ በሩን ከፈተልኝ።

ከመቃብሯ ጎን ሣሩ ሰው ተኝቶበት እንደተጋደመ ነበር። እዚያው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀን እምቢ ያለኝ እንባ መጣ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሸሚዜ ራሰ። ስጨርስ ደግሞ ድመቷ ትዝ አለችኝ፣ እውነትም ከስታለች፣ ብቻዬን ስስቅ ባ ካፑታ ከሩቅ አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ። ቤተሰቡ በሙሉ እንዲህ ነው ሳይል አልቀረም።

ስመለስ የቅዳሜውን ቀድጄ ልጥለው ነበር። ተውኩት። አንብበውና ተናደድብኝ፤ ሳትናደድ ጥሩ ስድብ አይመጣልህም።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሸክላውን ዘፈኖች በዉሳኪሌ አዳራሽ ለሕዝብ እጫወታለሁ። ሊስዋኒሶን ለመጨረሻው ዘፈን ከወንበሩ ተነሣልኝ ብዬዋለሁ። «በደስታ ጌታዬ» አለኝ፣ የማይሆን ልጅ! ባዶው ቦታ እንዳለ ነው፣ አልነካሁትም። እዚያ ላይ የፈለግከውን በለኝ። ስደበኝ። ስድቡ አልመጣ ካለህም አንቱ በለኝ፤ ግድ የለም፣ አሁን ይገባኛል።

ከረቫቱን አስረህ ና። ንካንዱ ነገሩን ስነግራት እያለቀሰች ወጣችና ትልቋን ዶሮ ይዛ አሰረቻት። እስክትመጣ አትታረድም፤ ስለዚህ የዶሮዋም ዕድሜ በአንተ እጅ ነው።

የእናታችንን አፈር ያቅልልላት። አንተንም መንገዱን አቅንቶ፣ ግራ እጅህን ከክፉ ጠብቆ በሰላም ያገናኘን። የምትበላው ሁሉ፣ ጭራ ያለውም ቢሆን፣ ይስማማህ።

በአንድ ዝናብ የምበልጥህ፣
ታላቅ ወንድምህ