ስድሳ ሁለት የቡና ቀንበጥ ስለታጠቀው ተጠባባቂ ኃይላችን

ለተከበሩ አቶ ባምላኩ
የቀበሌያችን የተጠባባቂ ሚሊሻ ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ያ የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ዝናብ እንዳይነሳብዎት እያሰብኩ ነው ብዕር ያነሳሁት። ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ግቢዎን ዙሪያውን የከበበው ባሕር ዛፍዎም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ። ወደ ባሕር ዛፉ እመለስበታለሁ። እኛ ከጎደለብን በቀር ደኅና ነን፣ ተመስገን።

የዓለምዘርፍ እባላለሁ። ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከማሠልጠኛው ሜዳ ጋር አጥር የምጋራ ጎረቤትዎ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ በአጻጻፌ ስሕተት ቢያገኙ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ከዚህ በላይ ሥራ ላለማስፈታት ብዬ ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩት። እርስዎ ጊዜ ቢያጡ ያነበበው ይነግርዎታል።

1ኛ. ስለ ቀንበጦቹ። ከሦስት ዓመት በፊት የግብርና ባለሙያዋ ትዝታ፣ ያረጀውን ቡናችንን ከጉልበት በታች እንድንጎነድለው መከረችን። አባቱ በተከለው ቡና ላይ መጋዝ እንዲያነሳ ሰውን ማሳመን ቀላል እንዳይመስልዎት፤ ባለቤቴ ሸዋንግዛው ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። በኋላ ግን ራሱ ጎነደለው። ሃያ አንዱ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ከየጉቶው ሦስት ሦስት ቀጥ ያሉ ቀንበጦች መርጠን አስቀረን። አራሚ ተሳስቶ እንዳይነቅላቸውም አሮጌ ቀይ ሻሼን ቀድጄ በእያንዳንዳቸው ላይ አሰርኩ። ዘንድሮ የመጀመሪያ ፍሬያቸውን ይዘው ነበር፤ ገና አረንጓዴ፣ ሽንብራ የሚያህል።

በዘንድሮው የተጠባባቂ ሚሊሻ ስልጠና ሁለተኛ ቀን እኔ ቴፒ ገበያ ወርጃለሁ፤ ሸዋንግዛውም፣ ከሠልጣኞቹ አንዱ ነውና፣ ለምሳው ማገዶ እንዲያመጣ ተልኳል። አሰልጣኙ አሥር አለቃ ሲላስ፣ ሠልጣኙ ሁሉ ለጠመንጃ ምትክ የሚሆን ቀጥ ያለ፣ ቁመቱ እኩል የሆነ እንጨት ይዞ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንዲሰለፍ አዘዙ። ሰዎቹ አጥሬን ተሻግረው ቢያዩ ቀጥ ያለው ሁሉ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ቢሮው አስቀድሞ መርጦ ምልክት ያደረገላቸው መሰላቸው። ቢሮዎ አንድ ነገር አስቀድሞ አዘጋጀ ተብሎ ሲታመን በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ የጎረቤቴ የዘይቱና ባል ናስር ማታውኑ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ቀዩን ሳይ የመንግሥት መስሎኝ ነው» አለኝ።

ከስድሳ ሦስቱ ስድሳ ሁለቱን ቆርጠዋል። አንዷን ስለተዉልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሠልጣኙ በአንድ ሰው ቢበልጥ ኖሮ እሷም ዘምታ ነበር።

2ኛ. ስለ ባሕር ዛፉ። ከሜዳው ማዶ፣ ከአጥሬ ይልቅ ለሰልፉ የሚቀርበው የእርስዎ ባሕር ዛፍ ለምን እንዳልተቆረጠ አንዳንድ ሰዎች ይጠይቃሉ። እኔ አልጠይቅም። ገና ለጋ ነው፣ ያሳዝናል ማለትዎን ሰምቻለሁ። ለዛፍ የሚራራ ኃላፊ ስለሰጠን ፈጣሪን አመስግኛለሁ።

3ኛ. ስለ እሴቶቹ። በማግሥቱ አሥር አለቃ ሲላስ የተጠባባቂ ኃይል እሴቶችን በትልቅ ወረቀት ጽፈው በአጥሬ ላይ ሰቅለው አስተማሩ። በአጥሬ ስለሆነ እኔም በነፃ ተማርኩ። አንደኛው እሴት «የሕዝብን ንብረት እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ» ይላል። አሥር አለቃ መስመሩን ለሠልጣኞቹ የሚያመለክቱት በቀንበጤ ነበር። ሻሼም ጫፉ ላይ እንደታሰረ ነበር። ትምህርት በማሳያ ሲደገፍ እንዴት እንደሚገባ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

4ኛ. ስለ ባለቤቴ። ደብዳቤውን ያጻፈኝ ይህ ነው፤ ሌላውን ቢተዉት እንኳ ይህንን እንዳይዘሉብኝ።

ሸዋንግዛው ማገዶውን አውርዶ ሲመለስ ጓደኞቹ የእሱንም ድርሻ ቆርጠው ጠበቁት። ተቀበለ፣ ሻሼን አየ፣ ከሰልፉ ወጣ። አሥር አለቃ «ተጠንቀቅ» ቢሉት አልተመለሰም። በሰው ሁሉ ፊት የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ «ይሄ የቤቴ ቡና ነው። እዚህ ይዤው ቆሜ ምኑን ልጠብቅ?» ከዚያ ቀንበጡን ይዞ ቤት ገባ፤ ከገበያ ስመለስም በሁለት እጁ እንደያዘው ጉቶዎቹ መሐል ተቀምጦ አገኘሁት።

በሦስተኛው ቀን በቢሮዎ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በድምፅ ማጉያም ተነበበ። ሸዋንግዛው በዲሲፕሊን ጉድለት ከተጠባባቂነት ተሰናብቷል፣ ይዞት የጠፋውን አንድ የመሥሪያ ቤቱን የእንጨት ጠመንጃም ባስቸኳይ እንዲመልስ ይላል። ይህ ሰው አሥራ አራት ዓመት ያለ ደመወዝ የቀበሌያችንን ድልድይ ሲጠብቅ የኖረ ነው። እርስዎ ለዚህ ወንበር ሳይበቁ እሱ በዝናብ ቆሞ ነበር። አሁን የሰፈሩ ሰው ባገኘው ቁጥር መሣሪያውን መለስክ ወይ እያለ ይቀልድበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን አይስቅም። በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ከፊት ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ ዛሬ ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር ነው የሚቀመጠው።

5ኛ. ስለ መስተንግዶው። አቤቱታዬን ሳቀርብ ጸሐፊዎ በትሕትና ቅጽ ሰጠችኝ፤ ቅጹም ማስረጃ ይጠይቃል። የተቆረጡትን ቀንበጦች ላምጣ ስላት በመጋዘን ስለተመዘገቡ ካለእርስዎ ፈቃድ አይወጡም አለችኝ። ፈቃድ ልጠይቅ ስል ስብሰባ ላይ ነዎት። ሥራው እንዲህ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሄድ ማየት ያስደስታል።

እንግዲህ ስለ ቡናው ካሳ አልጠይቅም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ሠልጣኞቹን ሲያስመርቁ፣ ያ ማስታወቂያ ከሰሌዳው ይነሳ፤ በዚያው ድምፅ ማጉያም ሸዋንግዛው ከሰልፍ የወጣው ያለፈቃድ የተቆረጠ የራሴን ቡና አልታጠቅም ብሎ እንደሆነ ይነገርለት። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ያዋረደው ማስታወቂያ አራት መስመር ነበር፤ አራት መስመር ይበቃዋል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ስብሰባዎችዎ፣ ከሁሉም በላይ አጥሬ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ስላሳወቁኝ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው። ጉልበትዎን ይማርልዎት፤ ባሕር ዛፍዎንም ያለምልምልዎት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በእሴቶቹ ወረቀት ጀርባ የምትኖር ጎረቤትዎ
የዓለምዘርፍ

ይህን ልዘነጋው ነበር፦ ጉቶዎቹ እንደገና አቆጥቁጠዋል። አሁን ግን ጨርቅ አላሰርኩባቸውም። ሸዋንግዛው በየቀኑ ጠዋት ያንን የመሥሪያ ቤትዎን ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ይዞራቸዋል፤ ከስድሳ ሁለቱ ሠልጣኞች እስካሁን በጥበቃ ላይ ያለው እሱ አንዱ ብቻ ይመስለኛል። መሣሪያውን የሚረከብ ሰው ከላኩ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ይምጣ፤ በአጥር የሚገባውን እንዴት እንደሚያስቆም አሥራ አራት ዓመት ተለማምዷል።