ከጎማው ጋር የመጣው ወረቀት

ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ
ማርች 20 ቀን 2025

ለውድ ወንድሜ ለሰዒድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ሩቂያና ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሥራዬን አላቋረጥኩም፤ የአረጋውያኑን ቤት የጠዋት ሺፍት እንደያዝኩ ነው። በረዶው ገና ከጓሮ አልለቀቀም።

ልጄ ነጅላ ሃሊፋክስ እናንተ ዘንድ ሰንብታ ከመጣች ወዲህ ልቤ አላረፈም። "አጎቴ መፍቻዎቹን በሙሉ ለሰው ሰጥቷል" አለችኝ። "ዓይሻ የቢስክሌቴን ጎማ ንፋስ ሙላልኝ ብትለው፣ የኔ እጅ አይሆንም፣ ሱቅ ውሰጂው አላት።" ለገዛ ልጅህ እንዲህ ማለትህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። በስልክ ልነግርህ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

ያቺን ቅዳሜ ታስታውሳታለህ። ረመዳን ነበር። ወንድምህ ያሕያ ማርልቦሮ ሞል ፓርኪንግ ውስጥ የሰው ሞተር ሳይክል አይቶ፣ የኋላ ጎማው ስፋት ካስቀናው በኋላ እንቅልፍ አልነበረውም። ጋራዡን ከፍታችሁ፣ ሞተሩን በክሪክ አንስታችኋል፤ አዲሱ ጎማ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። "ጋሼ በጾም ሲቀጥን ጎማው ወፈረ" አልከው። እሱም እየሳቀ "አንተ ሥራ፣ ሀጅራ ታንብብ፣ እኔ እነዳለሁ" አለህ።

ያን ጊዜ እንግሊዝኛ ማንበብ ከእናንተ የምሻለው እኔ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከነጅላ ደብተርና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለብቻዬ የለቀምኩት ነው። እኮራበት ነበር። ከጎማው ጋር የመጣውን ወረቀት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳችሁ።

ጎማውን ካስገባህ በኋላ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ያለውን ክፍተት በጣትህ ለክተህ "ይበቃል፣ እትዬ?" ብለህ ጠየቅከኝ። ወረቀቱ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አትለካ። መሬት አውርደህ፣ ሁለት ሰው አስቀምጠህ ለካ። ክብደት ሲጫነው ፓራፋንጎው ውስጥ ካለው ብሎን ጋር ሊነካካ ይችላል።

አንብቤዋለሁ፣ ሰዒድ። ገብቶኛልም። ሁለት ሰው ማለት ያሕያና እኔ ነበርን። አንተ ከኋላዬ ተንበርክከህ ስትለካ፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ሞተር ላይ ተንፈራጥጬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየኝ፣ ያውም በጾም ልቀመጥ ነው። ፊቴ ጋለ። ጎረቤታችንን የሺዋስን ከማዶ ጥሩት ማለት እችል ነበር፤ ግን ያሕያን ታውቀዋለህ፣ "ምን ሆነሽ፣ አንቺው ውጪ" ብሎ ካላስቀመጥኳት ይል ነበር። "ይበቃል ይላል" አልኩህ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ብቻውን ሲነዳው ምንም አልሆነም። በአሥራ አንደኛው ቀን ለመስጊዱ ማፍጠሪያ ሁለት ከረጢት ሩዝ ከኋላው አስሮ ወጣ። ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ የድልድዩ መጋጠሚያ ሲያነጥረው ብሎኑ ጎማውን ቀደደው። ፖሊሱ ይህንኑ ነግሮን ከሄደ በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ አንተ ዞረ። "የገዛ ወንድሙ ያሰረለት ጎማ" ሲሉ ሰምቻለሁ። አንተም ሰምተሃል። እኔ በሻርፔ ተሸፋፍኜ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም ሐዘን ነው ብለው ያዙልኝ። ከአርባው በኋላ አንተ ከተማውን ለቀህ ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ በየኢዱ ትደውላለህ። "እትዬ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" ትላለህ። እኔም "ይቅር ብዬሃለሁ" እልሃለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄን እታጠባለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ለነጅላ ነገርኳት። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። በኋላ "እማ፣ ይሄ ቴክስት የሚደረግ ነገር አይደለም። ቁጭ ብለሽ ጻፊለት" አለችኝ። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሃለሁ። መስመሩን በእርሳስ አስምሬበታለሁ፤ ዛሬ እንግሊዝኛው አንተም አያቅትህም። ያኔ ለቅሶው ላይ ለነበሩት ሰዎች ደግሞ ከኢድ ሶላት በኋላ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

ለኢድ አሥር ቀን ቀርቶታል። ባትደውል አልቀየምህም፤ መብትህ ነው። ከደወልክ ግን ያንን የይቅርታ ቃል እንዳታወጣ። መጀመሪያ እኔ ልበለው።

አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። እጅህንም ይመልስልህ። ለሩቂያ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለዓይሻም ጎማዋን ንፋስ ሙላላት።

የወንድምህ ባለቤት፣
ሀጅራ