የእትዬ ደርድሩ የሕይወት ታሪክ እና የመጀመሪያው ጥያቄ

ተማሪዎቻቸው ባወጡላቸው ስም እትዬ ደርድሩ እየተባሉ የሚታወቁት የሒሳብ መምህርት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1937 ዓ.ም. ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። በልጅነታቸው የሸሚዝና የካፖርት ቁልፎችን ከትንሹ ወደ ትልቁ መደርደር የእሳቸው ሥራ ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው፣ በ1957 ዓ.ም. ከመምህራን ማሰልጠኛ ተመርቀው ማስተማር ጀመሩ። ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጁትን ስታቲስቲክስ የሚያስጠኑት እሳቸው ነበሩ። ሚዲያን ፈልጉ ሲባል ተማሪው ሁሉ ቁጥሮቹን ሳያስተካክል መሃል ላይ ያገኘውን ላፍ አድርጎ ይጽፋል። እሳቸውም ሰሌዳውን በጠመኔ ኳ አድርገው «መጀመሪያ ደርድሩ! አምስት ከሆኑ ሦስተኛው ነው፤ አራት ከሆኑ የመሃሎቹን ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፤ ምኑ ያስጨንቃል?» ይሉ ነበር። ስማቸው ከዚያ ወጣ።

በ1959 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አምስት ልጆች ወለዱ። ሦስተኛዋን ሚዲያን ብለው ጠሯት፤ ስሙም እንደተጣበቀባት ቀረ።

በ1980 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው የመልቀቂያ ፈተናውን ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ፤ ያውም በሒሳብ። እትዬ ደርድሩ ምሳ ላይ፣ በእህት ወንድሞቹ ፊት «እንግዲህ የቤታችንን አማካይ አወረድከው» አሉት። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። በማግስቱ አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባለቤታቸው ያልጠየቁት ሰው፣ ያልረገጡት መናኸሪያ የለም። ቀልዱ የራሳቸው ነበርና እትዬ ደርድሩ የሚወቅሱት ሰው አጡ። አንድ ዘመድ አራት ልጆች መሃል እንደሌላቸው አንስቶ በሚዲያን ስም ሊቀልድ ቢሞክር «ልጆቼ አምስት ናቸው» ብለው አፉን አስያዙት።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመለማመጃ ወረቀታቸው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነ። የአምስት እህት ወንድማማቾች አማካይ ዕድሜና የአራቱ ዕድሜ ይሰጣል፤ የትልቁ ይጠየቃል። በየዓመቱ ሁሉም ላይ አንድ ይጨምራሉ። አንድ ሲጨመር አማካዩም በአንድ እንደሚያድግ፣ ከትልቁ ትንሹ ሲቀነስ የሚገኘው ሬንጅ ግን ንቅንቅ እንደማይል ያስረዱ ነበር። ባልደረቦቻቸው ጥያቄው በጣም ቀላል ነው፣ ይቀየር ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። በ1997 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡም በኋላ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ በተከራዩዋት ክፍል ማስጠናታቸውን ቀጠሉ፤ ወረቀታቸውም እየተባዛ ከከተማ ከተማ ዞረ።

በ2005 ዓ.ም. ራቅ ባለ ከተማ የምትኖር የአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ ጥያቄውን ሠራች። አማካዩ 38፣ በአምስት ሲባዛ 190፤ የአራቱ፣ ማለትም የ31፣ የ35፣ የ38 እና የ41 ድምር 145፤ የቀረው 45። «አባዬ፣ መልሱ ያንተ ዕድሜ ሆነ» አለችው። ሹፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። የእህት ወንድሞቹ ዕድሜ ነበር።

በሳምንቱ ልጁን ይዞ፣ በወረቀቱ ግርጌ በተጻፈው አድራሻ የዚያችን ክፍል በር አንኳኳ። እትዬ ደርድሩ በተማሪዎቻቸው ፊት አለቀሱ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ልጄ፤ አንተ ጎድለህ ምን አማካይ አለ?» አሉት። እሱም አንገታቸው ሥር እንደተወሸቀ «እማዬ፣ እኔ አሁንም ሒሳብ አልችልም፤ የሠራችው እሷ ናት» አላቸው። በቀጣዩ ዓመት ያ ጥያቄ ከወረቀቱ ወጣ። የት ሄደ ብለው ለጠየቋቸው «ተሠርቷል» ብለው አለፉ።

እትዬ ደርድሩ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሚዲያን አስታማሚነት፣ በበኩር ልጃቸው አመላላሽነት ሲታከሙ ቆይተው፣ በ2016 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ያረፉ ሲሆን፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እዚህ ተገኝተዋል። አምስቱ ልጆች በዕድሜያቸው ተደርድረው ከፊት ቆመዋል፤ ሚዲያንም መሃል ላይ ናት።

ፈጣሪ የታላቅ እህቴን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደርድርልን።